ከለንደን እስከ ሄልሲንኪ፤ የአራቱ የጃማይካ ሯጮች ታሪክ

ከኩባ በስተደቡብ፣ በካሪቢያን ባሕር መካከል፣ ስፋቷ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ተራራዋ በቡና፣ ሜዳዋ በሸንኮራ አገዳና በሙዝ የለማ ጃማይካ የምትባል ደሴት አለች። ኮሎምበስ በ1494 ዓ.ም. (በዚህ ትረካ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከዳርቻዋ ከደረሰ በኋላ እስፓኞች ገዟት፤ በ1655 እንግሊዞች በጦር ኃይል ነጠቋቸው፤ የጥንት ባለቤቶቿ የታይኖ ሕዝቦች በበሽታና በግፍ ስላለቁም ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በሰንሰለት እየታሰሩ በመርከብ የተጋዙ ሰዎች የስኳሩን እርሻ ለጌቶቻቸው በላባቸው አለሙት። የባርነት ቀንበር ከጫንቃቸው ፈጽሞ የወረደው ኦገስት 1 ቀን 1838 ነው። ከዚያ ወዲህም ቢሆን መሬቱ በጥቂቶች እጅ፣ ሥልጣኑም ከለንደን በሚላኩ ሹማምንት እጅ ስለ ቀረ ነጻ የወጣው ሰው ልጆቹን ከድህነት የሚያወጣበት ጎዳና ጠባብ ነበረ፤ ከነዚያ ጥቂት ጎዳናዎች ዋነኛው ትምህርት ቤት ነበረ፤ ከትምህርት ቤቶቹም ብዙዎቹን የከፈቷቸው አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ።

የምንተርከው የሩጫ ታሪክ የሚጀምረውም ከእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ነው። በ1910 ስድስት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በኪንግስተን ከተማ ሳባይና ፓርክ ከሚባለው የክሪኬት ሜዳ ተሰብስበው ተማሪዎቻቸውን አወዳደሩ፤ ውድድሩም በየዓመቱ እየተደገመ በመጨረሻ የደሴቲቱ ታላቅ በዓል ለመሆን በቃ። በማግስቱ ዓመት ኖርማን ማንሊ የሚባል የጃማይካ ኮሌጅ ተማሪ 100 ያርድ በ10 ሰከንድ ሮጠ፤ ያም ሰዓት ከኋላው በመጡ ተማሪዎች ሳይሻሻል 41 ዓመት ኖሮ የተሰበረው በ1952፣ ይኸውም ትረካችን ወደ ፍጻሜው በሚደርስበት በዚያው ዓመት ነው። ማንሊ ኋላ በኦክስፎርድ ሕግ ተምሮ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ፣ በ1938 ሕዝባዊ ብሔራዊ ፓርቲ የተባለውን ማኅበር መሥርቶ ከአገሪቱ የነጻነት አባቶች እንደ አንዱ ተቈጠረ። ሕዝብ የፖለቲካ መሪውን አስቀድሞ በሯጭነቱ ማወቁ በሌላ አገር እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል፤ በጃማይካ ግን የተማሪዎች ሩጫ ገና ከጅምሩ ከጨዋታ ያለፈ ክብር ነበረው፤ የድሀ ልጅ ከባለጸጋ ልጅ ጋር በአንድ መስመር ላይ እኩል ቆሞ እኩል የሚነሣበት ሌላ ስፍራ በዚያች ደሴት እምብዛም አልነበረምና።

በ1912 የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን በኪንግስተን ካላባር የተባለ የወንዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በሠላሳዎቹ ዓመታት በዚህ ትምህርት ቤት ካለፉት ልጆች መካከል ሁለቱ ለታሪካችን ዋነኞች ናቸው። አንደኛው አርተር ዊንት፣ ሜይ 25 ቀን 1920 በማንቸስተር አውራጃ የተወለደ የፕሬስቢቴርያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ልጅ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 የሚያልፍ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ጠባዩ ጭምት ስለ ነበረ ኋላ የአውሮፓ ጋዜጦች «ገሩ ግዙፍ» እያሉ የሚጠሩት ሰው ነው፤ ትምህርቱን የፈጸመው ከካላባር ወደ ኤክሴልሲየር ትምህርት ቤት ተዛውሮ ነው። ሁለተኛው ጁላይ 10 ቀን 1922 በክላረንደን አውራጃ የተወለደው ኸርበርት መኬንሊ፣ ከዊንት ቁመቱ አጠር፣ እግሩ ፈጠን፣ መንፈሱም ቸኰል ያለ፣ ሩጫ በተጀመረ ቅጽበት ያለ የሌለ ኃይሉን ማፍሰስ የሚወድ ወጣት ነበረ። ከአራቱ የቀሩት ሁለቱ ሯጮች፣ ሌስሊ ላይንግ በ1925 በሊንስቴድ፣ ጆርጅ ሮደን ደግሞ በ1926 መጨረሻ በኪንግስተን ተወለዱ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የእንግሊዝ መንግሥት ከቅኝ ግዛቶቹ ወዶ ዘማቾችን ጠራ። ዊንት በ1942 ከወንድሞቹ ጋር ወደ ንጉሣዊው አየር ኃይል ገባ፤ በካናዳ በረራ ተምሮ በ1944 የአብራሪነት ክንፉን ከተቀበለ በኋላ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በብሪታንያ አገለገለ። በ1947 የወታደር ልብሱን አውልቆ ለንደን ውስጥ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ጀመረ። መኬንሊ በበኩሉ ለሯጮች የነጻ ትምህርት ዕድል ወደሚሰጡት ወደ አሜሪካ ኮሌጆች አቀና፤ በመጀመሪያ ቦስተን ኮሌጅ፣ ከዚያ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ400 ሜትርና በ440 ያርድ ክብረ ወሰን መስበርን ልማዱ አደረገው። ሮደን ባልቲሞር በሚገኘው፣ ለጥቁር አሜሪካውያን በተቋቋመው ሞርጋን ስቴት ኮሌጅ ኤድዋርድ ኸርት በተባለው እውቅ አሠልጣኝ እጅ ሠለጠነ። እንግዲህ እነዚህን ሯጮች ደሴቲቱ ብትወልዳቸውና ብታስተምራቸውም፣ ብስለታቸውን ያገኙት በአየር ኃይል ሠፈርና በባዕድ ዩኒቨርሲቲ ነው ማለት እውነት ነው፤ ይህን መናገር የጃማይካን ክብር አይቀንስም፤ የጊዜውን የቅኝ ግዛት ኑሮ ግን በትክክል ያሳያል።

በ1948 ዓለም ከ12 ዓመት በኋላ እንደ ገና በኦሎምፒክ ተሰበሰበ። ለንደን ገና ከቦምቡ ፍርስራሽ አልተነሣችም፤ ምግብ በራሽን ይታደል ነበር፤ ለእንግዶቹም አዲስ መንደር መሥራት ስለማይቻል ሯጮቹ በወታደር ሠፈርና በትምህርት ቤት አዳራሾች ተጠለሉ። 59 አገሮች በተገኙበት በዚህ ጉባኤ ላይ ጃማይካ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን አስጠራች። ገና ቅኝ ግዛት ስለ ነበረች የራሷ ሰንደቅ ዓላማም ሆነ የራሷ መዝሙር አልነበራትም። የኦሎምፒክ ማኅበሯ በ1936 ተቋቁሞ ስለ ነበረ ግን ልጆቿን ከእንግሊዞች ለይታ በራሷ ስም ልታሰልፍ ቻለች። አሠልጣኛቸው ጆ ያንሲ ነበረ፤ ይህ ሰው በኒው ዮርክ ሃርለም ሠፈር ጥቁሩንም ነጩንም ያለ ልዩነት የሚቀበል ፓዮኒር የተባለ የሩጫ ክለብ በ1936 ካቋቋሙት አንዱ ነው። ከሴቶቹም ሲንትያ ቶምሰን በ100 ሜትር ፍጻሜ ደርሳ ስድስተኛ ስትወጣ፣ ቪንተን ቤኬት በከፍታ ዝላይ አራተኛ ሆነች፤ የወንዶቹ ዝና ስለ ሸፈናቸው ብዙ ሰው አያስታውሳቸውም እንጂ ለአገራቸው ሴቶች በሩን የከፈቱት እነርሱ ናቸው።

ዊንት በመጀመሪያ የተሰለፈው በ800 ሜትር ነው። ኦገስት 2 ቀን በተደረገው ፍጻሜ የአሜሪካው የአየር ኃይል ወታደር ማል ዊትፊልድ በ1 ደቂቃ ከ49.2 ሰከንድ ቀደመው፤ ዊንት በሦስት አሥረኛ ሰከንድ ተበልጦ ብር ወሰደ። ከሦስት ቀን በኋላ በተደረገው የ400 ሜትር ፍጻሜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ለዚህ ሩጫ የታጨው መኬንሊ ነበረ፤ ከአንድ ወር በፊት በሚልዋኪ ከተማ 400 ሜትሩን በ45.9 ሰከንድ ሮጦ ከ46 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆኗልና፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማን ይሆን ከማለት በቀር ስለ አንደኛው የሚከራከር አልነበረም። መኬንሊም እንደ ልማዱ እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ ተነሥቶ ግማሹን መንገድ ሁሉንም ጥሎ ገሠገሠ። ዊንት አልቸኰለም። ያን ረጅም ቅልጥሙን እየዘረጋ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከመጨረሻው መታጠፊያ ሲወጣ ጓደኛው እየደከመ መሆኑን አየ፤ ሊፈጸም ጥቂት ሜትር ሲቀረውም አለፈው። ሰዓቱ 46.2፣ የመኬንሊ 46.4 ነበረ። በዚህም ጃማይካ የመጀመሪያዋን የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘች፤ በሽልማቱ ጊዜ የተመታው መዝሙር ግን የእንግሊዝ ንጉሥ መዝሙር ነበር።

ሁለቱን የዓለም ፈጣን የ400 ሜትር ሯጮች የያዘ ቡድን፣ ሦስተኛ ሮደንን፣ አራተኛ በ200 ሜትር ፍጻሜ ስድስተኛ የወጣውን ላይንግን ሲጨምር፣ በ4 ጊዜ 400 ሜትር ዱላ ቅብብሉ ማን ያሸንፈዋል? ኦገስት 7 ቀን በዌምብሌ ስታዲየም የተሰበሰበው ሕዝብ የጠበቀው በአሜሪካና በጃማይካ መካከል የሚደረገውን ትንቅንቅ ነበር። ዊንት በሦስተኛው ተራ ዱላውን ሲቀበል አሜሪካኖች ቀድመዋል፤ ርቀቱን ለማጥበብ ኃይሉን ሁሉ አውጥቶ ሲከተል የጭኑ ጡንቻ በድንገት ተኮማተረበትና አነከሰ፤ ጥቂትም ለመግፋት ሞክሮ አልሆነለትም፤ ከመሙ ወጥቶ በሣሩ ላይ ወደቀ፤ መሬቱንም በእጁ መታው። ተራውን ይጠባበቅ የነበረው ጓደኛው ዱላ ሳይነካ ቀረ። አሜሪካኖች በ3 ደቂቃ ከ10.4 ሰከንድ አሸነፉ፤ ይህም ሰዓት ከክብረ ወሰኑ ከሁለት ሰከንድ በላይ የዘገየ መሆኑ የጃማይካኖቹን ቁጭት ሳያብሰው አልቀረም።

ሽንፈት ሁለት ዓይነት ነው፤ ከአቅም ማነስ የሚመጣ ሽንፈት አለ፤ አቅም እያለ በአደጋ የሚደርስ ሽንፈትም አለ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ እንቅልፍ ይነሣል። አራቱ ሰዎች በአንድ ከተማ አይኖሩም፤ አንዱ ለንደን ከሬሳ ማጥኛ ክፍልና ከሕክምና መጻሕፍት ጋር ይታገላል፤ ሌላው ባልቲሞር ይማራል፤ አብረው የሚለማመዱበት ጊዜ ትንሽ ነው። ነገር ግን አራቱም እስከሚቀጥለው ኦሎምፒክ ድረስ ሩጫን አልተዉም። ሮደንማ እንዲያውም ኦገስት 22 ቀን 1950 በስዊድን ኤስኪልስቱና ከተማ 400 ሜትሩን በ45.8 ሰከንድ ሮጦ የመኬንሊን ክብረ ወሰን ወሰደ። በዓመቱ በኦገስት 1951 ቻርሊ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደሴቲቱን መታ፤ ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የኪንግስተን ጣራዎች ተገፈፉ፤ የሙዝ ተክሉ ወደቀ። ጃማይካ ልጆቿን ወደ ሄልሲንኪ የላከችው ከዚህ መቅሠፍት በኋላ አንድ ዓመት ሳይሞላ ነው።

የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ ጁላይ 19 ቀን 1952 ጨዋታውን በዝናብ ከፈተች፤ ችቦውን ያቀጣጠለው ያ ስመ ጥሩ ሯጭ ፓቮ ኑርሚ ነበር። መኬንሊ ሰላሳኛ ዓመቱን ጨርሷል፤ ዊንት 32 ዓመት ሆኖታል፤ ለአጭር ርቀት ሯጭ ይህ የማታ ፀሐይ ነው። መኬንሊ ግን በ400 ብቻ ሳይወሰን የራሱ ባልሆነው በ100 ሜትርም ተመዘገበ፤ ማጣሪያዎቹንም አልፎ ጁላይ 21 ቀን ለፍጻሜ ቀረበ። ከኋላ ተነሥቶ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች እንደ ነፋስ ደርሶ ከአሜሪካው ሊንዲ ረሚጂኖ ጋር ደረት ለደረት ክሩን በጠሱ። ረሚጂኖ ራሱ የተሸነፈ መስሎት መኬንሊን እንኳን ደስ ያለህ አለው። ዳኞቹ ፎቶግራፉን መርምረው ወርቁን ለረሚጂኖ ሰጡ፤ ለአራት ሰዎች 10.4 የሚል አንድ ዓይነት ሰዓት ተጻፈ፤ በኤሌክትሪክ የተለካው ሰዓት በሁለቱ መካከል ያገኘው ልዩነት የሰከንድ መቶኛ ክፍል ነበረ። በማግስቱ ዊንት በ800 ሜትር ከዊትፊልድ ጋር እንደ ገና ተገናኘ። ዊትፊልድ እንደ ለንደኑ በ1 ደቂቃ ከ49.2 ሰከንድ ገባ፤ ዊንትም እንደ ለንደኑ ሁለተኛ ወጣ። አንድ ሰው በአራት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ በዚያው ሰዓት አሸንፎ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ በእርሱ ተቀድሞ ብር መውሰዱ የመዝገብ ቀልድ ይመስላል።

ጁላይ 25 ቀን የ400 ሜትር ፍጻሜ ሆነ። ከስድስቱ ተወዳዳሪዎች ሦስቱ ጃማይካኖች ናቸው፤ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የማይበልጥ ሕዝብ ላላት ቅኝ ግዛት ይህ ብቻውን ድንቅ ነው። መኬንሊ በለንደን የደረሰበትን አልረሳምና በዚህ ጊዜ ኃይሉን ቈጠበ፤ ነገር ግን ቁጠባው በዛ፤ ሮደን ቀድሞ በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ደረሰ፤ መኬንሊ እርምጃ በእርምጃ እየቀረበው ሳለ መንገዱ አለቀ። ለሁለቱም 45.9 ተጻፈ፤ ወርቁ የሮደን፣ ብሩ የመኬንሊ ሆነ፤ ዊንት አምስተኛ ወጣ። በለንደን ፈጥኖ በመነሣቱ፣ በሄልሲንኪ ዘግይቶ በመነሣቱ የተሸነፈውን የመኬንሊን ዕጣ ሳስብ፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ዕድል ሆነ ብላ የምትቀልድ ይመስለኛል። በሁለት ኦሎምፒክ ሦስት ጊዜ ለወርቅ ቀርቦ ሦስት ብር ነበረው። በ100፣ በ200ና በ400 ሜትር በሦስቱም ለኦሎምፒክ ፍጻሜ የደረሰ ብቸኛ ሰው ሆኖ ሳለ፣ አንድም ጊዜ ብቻውን ተሰልፎ አልቀደመም።

እነሆ የዱላ ቅብብሉ ቀን ደረሰ፤ ጁላይ 27፣ እሑድ። በዚያው ቀን የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ካሸነፈ በኋላ ሮጦት የማያውቀውን ማራቶን ሮጦ ሦስተኛ ወርቁን ስለ ወሰደ የዓለም ጋዜጦች ዓይን ወደ እርሱ ነበር። በመሙ ላይ ግን አሜሪካና ጃማይካ ተፋጠጡ። አሠልጣኙ ዛሬም ያንሲ ነው፤ ዊንት ግን በመጀመሪያው ተራ ተሰለፈ፤ ሁለተኛ ላይንግ፣ ሦስተኛ መኬንሊ፣ የመጨረሻውንም የ400 ሜትር ባለወርቁ ሮደን ያዘ። በአሜሪካኖቹ በኩል ኦሊ ማትሰን በ400 ሜትር ሦስተኛ የወጣ ነው፤ ጂን ኮል ገና ወጣትና ፈጣን ነው፤ ቻርልስ ሙር በዚያው ሰሞን በ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ ያገኘ ነው፤ ዊትፊልድንማ አውቀነዋል።

ዊንት የለንደኑን ውድቀት በልቡ ይዞ ከማትሰን ጋር ትከሻ ለትከሻ ሮጠ፤ 46.8 ለ46.7፤ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ተቀድሞ ዱላውን ለላይንግ አስረከበ። ላይንግ የ200 ሜትር ሰው ነው፤ በዚሁ ኦሎምፒክ በ200 ሜትር ፍጻሜ አምስተኛ ወጥቷል፤ ለእርሱ ሁለተኛው 200 ሜትር ባዕድ አገር ነበረ። የገጠመው ኮልም በዚያ ቀን ከአሜሪካኖች ማንም ያልበለጠውን 45.5 ሰከንድ ሮጠ። ላይንግ 47.0 ሮጦ ዱላውን ለመኬንሊ ሲሰጥ ሙር ከ10 ሜትር በላይ ቀድሞ ነበር። የኦሎምፒክ ባለወርቅ የሆነን ሰው ከ10 ሜትር በላይ አስቀድሞ በአንድ ዙር ደርሶ መያዝ በጊዜው ዳኛ ሁሉ ሕሊና የማይቻል ነገር ነው።

መኬንሊ ያን ጊዜ የሮጠው እንደ ለንደኑ ነውን፣ ወይስ እንደ ሁለት ቀን በፊቱ? እንደ ሁለቱም አይደለም። መጀመሪያ ሙርን ከዓይኑ ሳይለቅ፣ ሳይቸኩልም ተከተለው፤ በማዶው ቀጥታ መንገድ ላይ ርቀቱን እየበላ ሄደ፤ በመጨረሻው መታጠፊያ ሙር ከኋላው የእርምጃ ድምፅ ሰማ፤ ወደ መቀባበያው ሲቃረቡ እኩል ሆኑ፤ ዱላው ከመኬንሊ እጅ ወደ ሮደን እጅ ሲተላለፍ ጃማይካ በአንድ እርምጃ ያህል ቀድማ ነበር። ሙር ደካማ ሮጦ አልነበረም፤ 46.3 ለማንም የሚያኰራ ሰዓት ነው። የመኬንሊ ሰዓት ግን 44.6 ነበረ! በቅብብል የሚሮጥ ሰው ከቆመበት ሳይሆን እየተንደረደረ ስለሚቀበል ይህን ሰዓት ከሮደን 45.8 ጋር በቀጥታ ማወዳደር አይገባም፤ ሆኖም ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ዙር የሮጠ ሰው አልታየም።

የቀረው በሮደንና በዊትፊልድ መካከል ነው። አንዱ የ400 ሜትር፣ ሌላው የ800 ሜትር ባለወርቅ። ዊትፊልድ ሲቀርብ ሮደን ይፈጥናል፤ ዊትፊልድ ለማለፍ ሲወጣ ሮደን ውስጡን ይዞ በር ይዘጋበታል፤ የመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይም ዊትፊልድ ያለውን ሁሉ አፈሰሰ። ለሁለቱም የተጻፈው 45.5 ነው። ስለዚህ መኬንሊ ያስረከበው የአንድ አሥረኛ ሰከንድ ብልጫ ሳይጨምር ሳይቀነስ እስከ ክሩ ድረስ ደረሰ፤ ጃማይካ 3 ደቂቃ ከ03.9 ሰከንድ፣ አሜሪካ 3 ደቂቃ ከ04.0 ሰከንድ። ከ1932 ጀምሮ ማንም ያልነካው የአሜሪካኖች 3 ደቂቃ ከ08.2 ክብረ ወሰን ከአራት ሰከንድ በላይ ተሻሻለ፤ ሦስተኛ የወጡት ጀርመኖች እንኳ 3 ደቂቃ ከ06.6 ሮጠው ከቀድሞው ክብረ ወሰን በታች ገቡ።

ይህን ድል የሚተርክ ሁሉ መኬንሊን ያነሣል፤ በእውነትም ይገባዋል፤ ያን ቀን ያገኘው ወርቅ በሕይወቱ ያገኘው አንድ የኦሎምፒክ ወርቅ ነው። ሆኖም ሂሳቡን ለሚያሰላ ሰው ላይንግን መርሳት ፍርደ ገምድልነት ነው። ድሉ የተገኘው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ከሆነ፣ ላይንግ 47.0 በሮጠበት ስፍራ 47.2 ሮጦ ቢሆን ኖሮ የመኬንሊ ተአምርም የሮደን ጽንዓትም ወደ ብር በተለወጠ ነበር። በርቀቱ ያልለመደ ሰው፣ ከአሜሪካኖች ማንም ያልበለጠው ሯጭ ገጥሞት፣ ልቡ ሳይወድቅ የሚችለውን ያህል መሮጡ ከሦስቱ ጓደኞቹ ሥራ የሚያንስ አይደለም።

በዚያ ምሽት የእንግሊዝ ንግሥት ባል፣ የኤዲንብራው መስፍን ፊልጶስ፣ ወደ ሯጮቹ ማደሪያ መጥቶ ደስታቸውን እንደ ተካፈለ፣ ብርጭቆም ስላልተገኘ ውስኪውን በጥርስ መፋቂያ ማኖሪያ ኩባያ እንደ ጠጣ እስካሁን ይተረካል። ጃማይካ ከሄልሲንኪ ሁለት ወርቅና ሦስት ብር ይዛ ተመለሰች። አምስቱንም ያገኙት እነዚሁ አራት ሰዎች ናቸው። ያች ደሴት በሁሉ ዓይነት ስፖርት ልትወዳደር አልሞከረችም፤ አቅሟም አይፈቅድላትም፤ ያላትን ሁሉ በአንድ የሩጫ ርቀት ዙሪያ አከማቸች፤ በኔ አስተያየት ምስጢሩ ሌላ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ፈጥኖ ሄደ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈችበት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ጃማይካ አንድም ሜዳልያ አላገኘችም። በ1960 በሮም፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን ባሸነፈበት ጉባኤ፣ ጃማይካኖች የተሰለፉት በራሳቸው ስም ሳይሆን ከባርባዶስና ከትሪኒዳድ ጋር ተጣምረው የምዕራብ ህንድ ደሴቶች ፌዴሬሽን በሚል ስም ነበር፤ በዱላ ቅብብሉም ሦስት ጃማይካኖችና አንድ የባርባዶስ ሰው ነሐስ ሲያገኙ፣ አሜሪካኖች 3 ደቂቃ ከ02.2 ሮጠው የሄልሲንኪውን ክብረ ወሰን ሰበሩ። ፌዴሬሽኑ በ1962 ፈረሰ፤ ኦገስት 6 ቀን 1962 ጃማይካ ነጻነቷን አገኘች፤ ሰንደቅ ዓላማዋም በኪንግስተን አዲስ በተሠራው ብሔራዊ ስታዲየም ተሰቀለ። ከስታዲየሙ ፊት አልቪን ማርዮት የቀረጸው የሯጭ ሐውልት ቆሟል፤ የአንድ ሰው ምስል አይደለም ቢባልም የሚያየው ሁሉ ዊንት ነው ይላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 በእኛ አቈጣጠር፣ በአውሮፓውያን አፕሪል 21 ቀን 1966፣ ጃማይካን ሲጎበኙ ይህ ሐውልት ቆሞ ነበር፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ደግሞ የብሪታንያ ኮመንዌልዝ አገሮች ለውድድር ወደዚሁ ስታዲየም መጡ።

ዊንት ሐኪም ሆኖ በ1955 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሌላ ሐኪም ባልነበረበት በሃኖቨር አውራጃ ድሆችን ሲያክም ኖሮ፣ ከ1974 እስከ 1978 በለንደን የአገሩ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆነ፤ በ1992 ዐረፈ። መኬንሊ ከሩጫው በኋላ የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠራ፤ በተማረበት በካላባርም ትውልድ ከትውልድ እያፈራረቀ አሠለጠነ፤ ዛሬ ስሟ በአጭር ርቀት ሩጫ ዓለምን የሞላው ጃማይካ የቆመችው በእርሱና በመሰሎቹ ድካም ነው፤ በ2007 ሞተ። ላይንግ በ2021፣ በሳን ፍራንሲስኮ የእግር ሐኪም ሆኖ የኖረው ሮደን ደግሞ በ2024 አረፉ። ከሄልሲንኪ ወዲህ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ድረስ ጃማይካ በ4 ጊዜ 400 ሜትር የወንዶች ዱላ ቅብብል ብርም ነሐስም ወስዳለች፤ ወርቅ ግን አልደገመችም።